የሲናን ግራ ትከሻ

አባቴ ሰውን የሚያውቀው ከኋላው ነው። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ፀጉር ሲያስተካክል ኖሮ የደረሰበት እውቀት ይኸው ነው፤ «ፊት ይዋሻል፣ ማጅራት ግን አይዋሽም» ይላል።

ሱቃችን በቱርክ አገር አዳና ከተማ ውስጥ ከፈረስ መወዳደሪያው ሜዳ ሁለት መንገድ እልፍ ብሎ ይገኛል። ከፊት አባቴ ይላጫል፣ ከመጋረጃው ጀርባ እኔ እሰፋለሁ። የምሰፋው የጋላቢዎችን ሸሚዝ ነው። እያንዳንዱ የፈረስ ባለቤት የራሱ ቀለም ስላለው ቢጫው፣ ሐምራዊው፣ ባለ ነጠብጣቡ ሁሉ በእኔ መርፌ ስር ያልፋል። አባቴ ሪፋት ይባላል፤ ሰፈሩ «ሪፋት ኡስታ»፣ የእጅ ሙያ ጌታው ሪፋት፣ እያለ ያከብረዋል። ከፈረስና ከውርርድ ጋር የተነካካ ሰው አይወድም። እዚህ ሰፈር ውስጥ ግን ፂም ያበቀለ ሁሉ ወይ ይጋልባል ወይ ይወራረዳል፤ ስለዚህ እየተቆጣ ይላጫቸዋል።

በዚያ ዓመት «ሰባተኛው በር» የሚባል ተከታታይ ድራማ ተጀመረ። ማክሰኞ ማታ ሁለት ሰዓት ሲል መንገዱ ጭር ይላል። ታሪኩ ስለ ፈረስ ውድድርና ስለ ቁማር ነው፤ ሲናን የሚባል ጋላቢ ከቁማርተኞች ጋር እየተመሳጠረ ማሸነፍ የሚችሉትን ፈረሶች ሆን ብሎ ወደ ኋላ ያስቀራቸዋል፣ የሚያምኑትን ሰዎች ጉድ ይሠራል። ረቡዕ ጠዋት ሱቃችን ግጥም ይላል። ሰኞ የተላጨ ሰው ሳይቀር ይመጣል። የሚመጡት ለፂማቸው አይደለም፣ ለመፍረድ ነው።

«ያቺን ልጅ ማግባት የለበትም» ይላል ሻይ ቤት ያለው ዚያ።

«አንተን ማን ጠየቀህ?»

«ደራሲው ይጠይቀኝ ነበር፣ ስልክ ቢያነሳ። ሦስት ጊዜ ደውያለሁ።»

ድራማው በየሳምንቱ ስለሚጻፍ ሁሉም ሰው የእሱን አስተያየት የሚሰማ ያለ ይመስለዋል። በምንም ነገር አይስማሙም። አንዱ ዋናው ጀግና ሞኝ ነው ሲል ሌላው ቅዱስ ያደርገዋል። በሲናን ላይ ግን ሁሉም አንድ ናቸው።

«ልብ ብላችሁ አይታችሁታል?» አሉ አንድ ረቡዕ ጡረታ የወጡት አስተማሪ፣ ጉንጫቸው በሳሙና አረፋ እንደተሸፈነ። «መሬት ላይ ሲሆን ቀጥ ያለ ነው። ፈረስ ላይ ሲወጣ ግን ግራ ትከሻው ዝቅ ይላል።»

«እውነት ነው። ለምንድነው?»

«ኃጢአቱ ከብዶት ነዋ። ተዋናይ ማለት እንዲህ ነው። አንድ ቃል ሳይናገር በትከሻው ብቻ ኅሊናውን አሳየን።»

ሱቁ በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ጨርቅ አፌ ውስጥ ጠቅጥቄ ሳቄን ዋጥኩት። ያ ትከሻ የተዋናዩ አልነበረም። የቱርጋይ ነበር።

ቱርጋይ መጀመሪያ የመጣው ሊለካ ነው። ተዋናዩ ፈረስ ስለሚፈራ በእሱ ቦታ የሚጋልብ ሰው አስፈልጓቸው ነበር። ቱርጋይ ጎህ ሲቀድ ፈረሶቹን ሜዳው ላይ የሚያሯሩጥ ልጅ ነው፤ ለውድድር ቁመቱ በዛ እንጂ እጁስ የጋላቢ እጅ ነው ይሉታል። ካሜራው ከኋላ ብቻ ያነሳዋል። ፊቱን ማንም አያየውም።

«ቀጥ ብለህ ቁም» አልኩት።

«ቀጥ ብዬ እኮ ነው የቆምኩት።»

ሜትሬን እንደገና ዘረጋሁ። ግራ ትከሻው ከቀኙ በሁለት ጣት ዝቅ ይላል።

«ከፈረስ ወድቀህ ነው?»

«አይ። አንዲት ባዝራ ተደገፈችብኝ።»

«እንዴት ማለት ተደገፈችብኝ?»

«ጋጣዋ ውስጥ። ደክሟት ነበር፣ እኔ ደግሞ ከግድግዳው ጋር ነበርኩ። ዳምላ ትባላለች፣ አራት መቶ ሃምሳ ኪሎ ናት። ሆን ብላ አይደለም።»

«አጥንትህን ሰብራ ትከራከርላታለህ?»

«በኋላ ስታየኝ እኮ አፍራ ነበር።»

ሳቅኩ። ከመጋረጃው ወዲያ የአባቴ መቀስ ድምፁን አጠፋ። ሳቄን ስጨርስ እንደገና ቀጠለ።

የድራማው ሰዎች ያዘዙኝ ትከሻው ተዋናዩን እንዲመስል ነበር። ግራውን በስፖንጅ ሞልቼ እኩል አደረግኩት። ማክሰኞ ማታ ከቤተሰቤ ጋር ተቀምጬ ጠበቅኩ። ስድስት ፈረሶች የጋላቢዎቹን ቀለም በደበቀ አቧራ ውስጥ አለፉ። ቱርጋይ የትኛው እንደሆነ አላወቅኩም። ጀርባ ሁሉ ጀርባ ሆነብኝ። ያን ቀን ለምን እንደዚያ እንደተናደድኩ ለራሴም አልገባኝም፤ እማዬ ሳህን ስታቀብለኝ ተቆጣኋት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሸሚዙ ተቀደደና ሌላ አዘዙ። ስፖንጁን አላስገባሁበትም። ረስቼው ነው ብል ውሸት ነው።

ቱርጋይ ሊወስደው መጥቶ መስታወቱ ፊት ለበሰው።

«ትከሻዬ ወደቀ» አለ።

«አውጥቼው ነው።»

«ይቆጡሻል።»

«ይቆጡ። ማክሰኞ ማንን እንደማይ ማወቅ አለብኝ።»

በመስታወቱ ውስጥ አየኝ። መርፌ መያዣዬን አንዴ ከፈትኩት፣ አንዴ ዘጋሁት። እሱ አንገቱ ድረስ ቀላ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ፈረሶቹን አስገብቶ ሲመለስ ዚያ ሻይ ቤት መስኮቱ አጠገብ ይቀመጣል። የሻይ ቤቱ መስኮትና የእኔ የስፌት መኪና ፊት ለፊት ናቸው። አንድ ብርጭቆ ሻይ ለመጠጣት አርባ ደቂቃ የሚፈጅበት ሰው እሱን ብቻ ነው ያየሁት።

ሻይ ቤቱ ውስጥ ሰዎች የድራማውን ሲናን ሲረግሙ ይሰማቸዋል።

«አይከፋህም?» ብዬ ጠየቅኩት አንድ ቀን፣ ዳቦ ልገዛ ብዬ በወጣሁበት።

«ምን አገባኝ? ሰው ሁሉ ሲሰድበኝ አንቺ እኔን ነው የምታዪው።»

ልቤ ያን ዕለት ሄደ። ዳቦውን ሳልገዛ ተመለስኩ።

ስለ ቱርጋይ ለአባቴ የነገረችው እማዬ ናት። «ምን ይሠራል?» አላት። «ፈረስ ያሠለጥናል» አለችው። አባቴ ምላጩን አስቀምጦ እጁን ታጠበ።

ፈረስ የሚጠላበትን ምክንያት የማውቀው ከእማዬ ነው። አባቴ ስምንት ዓመት ሲሞላው የግርዛት ድግስ ተደገሰለት። ነጭ ሐር አለበሱት፣ ላባ ያለው ቆብ አደረጉለት፣ እንግዳው ተሰበሰበ። አያቴ አጠገቡ ሊቆም ቃል ገብቶለት ነበር። «አንድ ውድድር ብቻ አይቼ መጣሁ» ብሎ ወጣ። ልጁ መስኮት ላይ ተቀምጦ መንገድ መንገዱን ሲያይ ዋለ። ሥራው ያለ አባቱ ተሠራ፣ ምግቡ ተበላ፣ እንግዳው ሄደ። አያቴ የመጣው ከመሸ ነው።

የሆነ ሆኖ አባቴ ሰው ከደጁ አይመልስም። ቅዳሜ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ የቱርጋይ ቤተሰቦች መጥተው እንዲጠይቁኝ ፈቀደ። ክራቫት አሠረ። ክራቫት ሲያሥር ያየሁት ሁለት ጊዜ ነው።

አንድ ሰዓት ላይ የቱርጋይ አጎት ቬህቢና አክስቱ ሙዜየን አበባና ቸኮሌት ይዘው መጡ። ያሳደጉት እነሱ ናቸው። ቱርጋይ ግን አብሯቸው የለም።

«መንገድ ላይ ነው» አለች ሙዜየን። «ዘንድሮ ብርቱካኑ ጥሩ ይዟል፣ አይደል?»

ጥሩ ይዟል አልን። ሩብ ሰዓት አለፈ። ስለ ብርቱካኑ እንደገና ጠየቀችን። አጎቱ ምንጣፉን አመሰገነ። አባቴ ተነስቶ መስኮቱ ጋ ሄደና መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ ቆመ። ጀርባውን ሳይ ሁሉም ነገር ገባኝ፤ ስልሳ ዓመት የሞላው ሰው አልመሰለኝም። ሙዜየን ስለ ብርቱካን ለሦስተኛ ጊዜ አነሳች።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቱርጋይ ገባ። ኮቱ ላይ ገለባ ተጣብቋል፣ ጋጣ ጋጣ ይሸታል።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ኡስታ» አለ፣ በሩ ላይ እንደቆመ። «ዳምላን ሆዷን ቆረጣት። ካላራመድኳት ትተኛለች፣ ከተኛች አትነሳም። ሐኪሙ እስኪደርስ ትቼያት መምጣት አልቻልኩም።»

«ተረፈች?» አለ አባቴ።

«ተረፈች።»

«አልሐምዱሊላህ።» ከልቡ ነበር ያለው። ከዚያ ተቀመጠ።

ቡናውን አመጣሁ። በእኛ ወግ ልጅቷ ለጠያቂዋ የምትሰጠው ቡና ውስጥ ጨው ትጨምራለች፤ ትዕግሥቱ እንዲታይ ነው። እኔ አንድ ሰዓት ላይ በደስታ ሁለት ማንኪያ ጨምሬበት ነበር፤ ቡናው ከበረደ በኋላ እንኳ መልሼ ለማፍላት እጄ አልታዘዝ አለኝ። ቱርጋይ ያን ቀዝቃዛ ጨው እስከ አተላው ጠጣው። ፊቱን አላጨማደደም። አጎቱ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ በአላህ ፈቃድና በነቢዩ ቃል ልጅቷን ለልጃችን ብሎ ጠየቀ።

አባቴ ሲኒውን አስቀመጠ።

«ልጁ ክፉ አይመስለኝም» አለ። «ግን ልጄ መስኮት ላይ ተቀምጣ መንገድ ስታይ እንድታረጅ አልፈልግም። እኔ ያን መስኮት አውቀዋለሁ። ቡናችሁን ጠጡና በሰላም ሂዱ።»

በሩ ድረስ የሸኘኋቸው እኔ ነኝ። ቱርጋይ ጫማውን ሲያደርግ ቀና ሳይል ተናገረኝ።

«በጓሮ በር አልመጣብሽም፣ ኔቪን። አባትሽ በፊት ለፊቱ በር ካልጠራኝ አልመጣም።»

«ካልጠራህስ?»

«ማክሰኞ ማክሰኞ እዪኝ።»

አምስት ማክሰኞ አየሁት። ሌላው ሰው ድራማ ያያል፤ እኔ አንድ ትከሻ አያለሁ። አባቴ አጠገቤ ተቀምጦ የሱፍ ፍሬ እየፈለፈለ «ይሄ ከሃዲ» ይለዋል፣ እኔ ደግሞ ከዚያ ከሃዲ ላይ ዓይኔን አልነቅልም። ሻይ ቤቱ መስኮት አጠገብ ያለው ወንበር ባዶ ነው። ዚያ ማንንም አያስቀምጥበትም። በድራማው ላይ ያለው አስተያየት ሁሉ ስህተት ቢሆንም ዚያ ልቡ ደግ ነው።

ስድስተኛው ማክሰኞ አገሩ ሁሉ ሲጠብቀው የነበረው ክፍል ነው። ሲናን በታላቁ ውድድር ላይ እየመራ ሳለ የሚጋልባትን ባዝራ ሆን ብሎ ዛብ ስቦ ያስቆማታል። የእኛ ድራማዎች ጸባይ የታወቀ ነው፤ ትልቅ ነገር ሲመጣ አንድ ጊዜ አሳይተው አይበቃቸውም። በዝግታ አሳዩን፣ ከቀኝ አሳዩን፣ ከግራ አሳዩን፣ የጀግናው እናት ስታለቅስ አሳይተው እንደገና ከኋላ አሳዩን። ባዝራዋ ዳምላ ነበረች። ቱርጋይ ክርኖቹን ወደ ላይ አንስቶ፣ ጀርባውን ወደ ኋላ ለጥጦ፣ ግራ ትከሻው ወርዶ።

አባቴ የሱፍ ፍሬውን መፈልፈል አቆመ። ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ አለ።

«ምን ሆንክ?» አለችው እማዬ።

«ምንም።»

ረቡዕ ጠዋት ሱቁ ሳይከፈት ሰልፍ ነበር። ሁሉም ተቆጥተዋል። በዚህ ሰፈር ሰውን በፍቅር ታሪክ ማታለል ይቻላል፣ በፈረስ ግን አይቻልም።

«ዛቡን አያችሁት?» አለ ዚያ። «ከልጓሙ እስከ እጁ እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ተንጠልጥሏል። አራት ጊዜ አሳዩን፣ አራቱንም ጊዜ ልል ነው።»

«በዚያ ዛብ ፈረስ ቀርቶ አህያ አይቆምም።»

«እኛን ቂል አደረጉን። ዛሬ እደውላለሁ።»

«ድራማው ድሮም አልጣመኝም» አሉ አስተማሪው፣ ስድስት ወር ሙሉ ሲያመሰግኑት የከረሙት።

ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ጀላል የሚባል፣ በወጣትነቱ ስመ ጥር የነበረ ጋላቢ ነው። አባቴ ምላጩን አገጩ ስር አድርጎ ጠየቀው።

«ፈረሷ ግን ቆማለች። ዛቡ ካልተሳበ በምን ቆመች?»

ጀላል ምላጩ እንዲነሳለት ጠብቆ መለሰ።

«በድምፅ። የምታውቀው ሰው ቀስ ብሎ ካናገራት ትቆማለች። ዳይሬክተሩ ሳብ፣ ሳብ እያለ ሳይጮህበት አይቀርም። ልጁ ክርኑን አነሳላቸው፣ ጀርባውን ለጠጠላቸው። አፏን ግን አልጎተተም። ያን ልጓም በዚያ ፍጥነት ቢስበው ከንፈሯ ይቀደዳል።»

«ሰው እንደሚስቅበት እያወቀ?»

«እዚህ ሰፈር የሚኖር ከሆነማ እያወቀ።»

አባቴ ምላጩን በፎጣው ጠረገ።

«ያ ተዋናዩ አይደለም» አለ። «ትከሻውም የኃጢአት አይደለም። ማጅራቱን አራት ጊዜ አሳይተውኛል። አንድ ሰዓት ተኩል አርፍዶ ቤቴ የመጣ ማጅራት ነው።»

መጋረጃው ተገለጠ። አባቴ ደፉ ላይ ቆሞ አየኝ። የስፌት መኪናውን እግሬ ረስቶት ቆሟል።

«ያን ሸሚዝ የሰፋሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ አባዬ።»

«ሁለት ጣት የወረደ ትከሻ አንቺ እንዴት አመለጠሽ?»

«አላመለጠኝም። ከሰው መሃል እንድለየው ብዬ ነው።»

ከመጋረጃው ወዲህ ገብቶ የጨርቅ ሣጥኔ ላይ ተቀመጠ። ሱቁ ውስጥ ዘጠኝ ሰው ነበር።

«አባቴ ፈረስ ይወድ ነበር እያልኩ ነው የኖርኩት» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ማታ ሳስበው ግን አንድም ቀን ፈረስ ሲነካ አላየሁትም። ሲታመሙ አያውቅም፣ ሲሞቱ አያውቅም። እሱ የሚወደው ወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር ነበር። እኔ ከሃምሳ ዓመት በላይ የተቀየምኩት ፈረሶቹን ነው።»

እጁን ያዝኩት። ሳሙና ሳሙና ይሸታል።

«ይሄ ልጅ ያረፈደው ሌላ ነገር ሊያይ ሄዶ አይደለም» አለ። «የታመመ ትቶ መምጣት አቅቶት ነው። እንዲህ ያለ ሰው አንቺ ስትታመሚም ትቶሽ አይሄድም።»

ተነሳና መጋረጃውን ያዘ። ድምፁን ከፍ ያደረገው ሱቁ እንዲሰማ ነው።

«ማጅራቱ ላይ ፀጉር አድጓል። አገር በሚያየው ቴሌቪዥን፣ ከእኔ ሰፈር ወጥቶ ነውር ነው። ነገ ሦስት ሰዓት ላይ መጥቶ ይስተካከል በሉት። ሦስት ሰዓት ብያለሁ።»

መልእክቱን ለማድረስ ዘጠኙም ወጡ። ጀላል ግማሽ ፊቱ ሳይላጭ ነው የወጣው።

በማግስቱ ገና አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እማዬ ቀሰቀሰችኝ። አባቴ ልብሱን ለብሶ መስኮቱ ጋ ቆሟል። ታች፣ የሱቁ ደረጃ ላይ፣ ቱርጋይ ኮቱን ቆልፎ ተቀምጧል። ፈረሶቹን ለአጎቱ አስረክቦ መምጣቱ ነው።

«ልጁ ውጭ ነው» አለችው እማዬ።

«አይቼዋለሁ።»

«ክፈትለታ።»

«ሦስት ሰዓት ነው ያልኩት። ትንሽ ይጠብቅ። እሱም ይወቀው።»

ሻይ አስቀዳ። አንዴ ፉት አለ። ወደ መስኮቱ ተመልሶ አየ። ተቀመጠ፣ ተነሳ፣ ሰዓቱን አየ። አምስት ደቂቃ አልሞላም።

«አልችልም» አለና ቁልፉን አንስቶ በነጠላ ጫማው ወረደ።

ተከትዬው ወርጄ ከመጋረጃዬ ጀርባ ገባሁ። የበሩ ብረት ወደ ላይ ሲወጣ ሰማሁ።

«ግባ» አለ አባቴ። «እኔ ሰው አላስጠብቅም።»

ወንበሩ ሲጢጥ አለ። ፎጣው ተራገፈ። መቀሱ ጀመረ፣ ቀስ ብሎ፣ ከማጅራቱ። ብዙ ጊዜ ቆየ። በመጋረጃው ቀዳዳ ሳይ አባቴ ግራ እጁን እዚያ ዝቅ ያለው ትከሻ ላይ አሳርፏል።

ከዚያ መቀሱ ድምፁን አጠፋ።

«ኔቪን» አለ አባቴ፣ እዚያ መሆኔን ዞር ብሎ ሳያይ። «ቡና አምጪለት። ዛሬ ጨው አይግባበት።»

ድራማው ክረምት ሳይገባ አለቀ፤ እኛ ከዚያ በኋላ ተጋባን። ሲናን በመጨረሻው ክፍል ታሠረ፣ ሱቁም ቅጣቱ በዛ፣ ቅጣቱ አነሰ እያለ እስከ ዛሬ ይከራከራል። ዚያ ሁሉን ነገር በዓይኑ አይቶ፣ ሠርጋችን ላይ ጨፍሮ እንኳ፣ ያ ትከሻ የኃጢአት ነው ባይ ነው። ቱርጋይ ሻይ ሊጠጣ ሲገባ ደስ እንዲለው ብሎ ትከሻውን ትንሽ ይበልጥ ዝቅ ያደርግለታል።